ባሻ ይርዳው፣ አሮጌው ረሽና አዲሱ ረሽ

ባሻ ይርዳው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳባት ላይ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ጎማዋ ተንፍሶ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ነበር። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ ተጠልዬ ስቆም፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ትክ ብላ አየችኝ።

«ይቅርታ እናቴ፣ የመጋዘኗ ዘነበች አይደሉም?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«እኔን አያውቁኝም። የባሻ ይርዳው የእህት ልጅ ነኝ። ግድግዳቸው ላይ ባለው የመሥሪያ ቤት ፎቶግራፍ እርስዎ ከጎናቸው ቆመዋል።»

«እንዴት ናቸው ባሻ?» አልኳት። የተዘቀዘቀ ነጠላዋን እያየሁ ይህን መጠየቄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

እንባዋን ጠረገች። የጎረቤት በር ቁልፍ ሲሞርዱ ደከመኝ ብለው ጋደም እንዳሉ፣ በዚያው እንደቀሩ ነገረችኝ። ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አላስታውስም። ሹፌሩ ጎማውን ቀይሮ ጡሩንባ ሲነፋ ተሳፈርኩ። እስከ ደባርቅ ድረስ ዓይኔ የገብሱ ማሳ ላይ ነበር፤ ልቤ ግን ወደዚያች በብረት በር ወደምትዘጋ ጠባብ ክፍል ሄዶ ነበር።

ያን ጊዜ ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔም ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ደባርቅ ላይ የጋራ መጋዘን ነበራቸው፤ ንብረት ያዥ ሆኜ ከጎንደር ተመደብኩ። ማዳበሪያና ጆንያ፣ ማረሻና ገመድ ከፊት ለፊት ተከምሯል። ከኋላ ያችው የብረት በር ያላት ክፍል አለች። የመሣሪያ ክፍል ናት፤ የባሻ ይርዳው ግዛት።

ማኅበራቱ ሰብልና ከብት የሚጠብቁ ዘበኞች ነበሯቸው። ከአምቢኮ መንደር እስከ ቆላው አፋፍ ጅቡ በግ ይፈጃል፣ ነብሩ ጥጃ ይነጥቃል፣ ዝንጀሮው ገብሱን ሳይደርስ ይመለምላል። ለዘበኞቹ የሚታደለው መሣሪያ ረሽ ነበር፤ ፍንጣሪ እርሳሱን እንደ ዘር የሚበትነው የአደን ጠመንጃ። ያውም ተስቦ የሚያጎርሰው ዓይነት ነው። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላ ሲስቡት ባዶውን ቀለህ ይተፋል፤ ወደ ፊት ሲገፉት አዲሱን ጥይት ያጎርሳል። አራት ነበሩ፤ አራቱም በመሬት አዋጁ ጊዜ ከአንድ ባላባት ቤት የተወረሱ። ባሻ እንደ በሬ ስም አውጥተውላቸዋል፤ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ወይኖ፣ ቡሬ።

ባሻ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። በድሮው ጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሃያ ዓመት ያህል ሠርተዋል። ክረምት ከበጋ የማይለዩት ካፖርት ነበራቸው፤ በግራ ኪሱ ትንሽ ሞረድ፣ በቀኙ በጨርቅ የተጠቀለለ ቆሎ። ለሥራ አዲስ ብረት በመጣላቸው ቁጥር መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር መታ ያደርጉትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ማረሻም ይሁን የበር ማጠፊያ፣ ሳይሰሙት አይነኩትም። ሲራመዱ ደግሞ ማንም አይደርስባቸውም፤ ቡይት ራስ ድረስ ያለውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ የሚወጡ ይመስሉ ነበር።

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ።

ጨፈንኩ። አንዱን ረሽ ስበው ገፉት። ከዚያ ሌላውን።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አንድ ናቸው» አልኩ እየሳቅሁ።

«ሳቂ። እስከ መስቀል ድረስ ትለያቸዋለሽ።»

እውነትም ለየኋቸው። ቦራ ድምፁ ወፍራም ነው። ዳለቻ መጨረሻው ላይ ትንሽ ያዝ ያደርጋል። ወይኖ ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተታል። ከሁሉም ፈጣኑና ባሻ አብልጠው የሚወዱት ግን ቡሬ ነበር። የብረቱ ጥቁረት እንደ ጉድጓድ ውኃ ጥልቅ ነው፤ እንጨቱ ከብረቱ ጋር የተገናኘበት ቦታ ፀጉር አያስገባም። «ይኸን የሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ አንዲት ቦታ ሲሞርድ ውሎ፣ ማታ ለሚስቱ ዛሬ ሥራ ሠራሁ ብሎ የሚናገር ነው» ይሉኝ ነበር። ያን ሰው የሚያውቁት ይመስሉ ነበር።

ቡሬን ይዞ የሚወጣው ተገኘ የሚባል የአምቢኮ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሳቁ ከሰውየው ቀድሞ መጋዘን ይደርሳል። ባሻ ሲያዩት ፊታቸው ይፈታል፤ መሣሪያ የሚያውቅ እጅ አለው ይሉ ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን ተገኘን በቃሬዛ አመጡት። የግራ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጨርቁ ደም ሆኗል። ሦስት ጣቶቹ ሄደዋል። ጤና ጣቢያው በር ላይ እንዳስቀመጡት ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይጮህ ነበር።

«ምላጭ አልሳብኩም! ጅቡን አንዴ ተኮስኩ፣ ሳትኩት። ቁልቁለቱ ላይ እየተንሸራተትኩ ሁለተኛውን ሳጎርስ ራሱ ጮኸ! በእመብርሃን ራሱ ጮኸ!»

ጊዜው ክፉ ነበር። የዘመቻ ጥሪ የወጣበት ሰሞን ነው፤ የተገኘም ስም ከተጠሩት መካከል ነበር። ወዲያው ወሬው ተነዛ። ከዘመቻ ለመቅረት እግሩን ራሱ መታ ተባለ። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ዘመን እስር ቤት ብቻ አይደለም የሚያስገባው፤ በዚህ አገር ወንድን ፈሪ ብሎ መጥራት ከነሕይወቱ መቅበር ነው።

መርማሪዎቹ ቡሬን ለባሻ ሰጧቸው። ሁለት ቀን በራቸውን ዘግተው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና አስጻፉኝ። «መሣሪያው ተፈትቶ ተመርምሯል። ምንም የተሰበረ ወይም የተበላሸ ነገር አልተገኘበትም።» ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ፈረሙ። ሲፈርሙ ብዕሩን አጥብቀው ስለያዙት ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር። ያን ቀን ቆሏቸውን ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለተገኘ አዝነው ነው ብዬ አሰብኩ።

ተገኘ ስድስት ወር ታሰረ። ሲወጣ ዳገት የሚወጣበት እግር አልነበረውም። አምቢኮን ትቶ፣ ደባርቅ ዳር ጎጆ ቀልሶ ገመድ እየገመደ መኖር ጀመረ። «ሰባት ጣት» የሚል ስም አወጡለት። ለሠርግ አይጠሩትም፤ ቢጠሩትም አይሄድም። ባሻ ለመጋዘኑ ገመድ በፈለግን ቁጥር «ከተገኘ ይገዛ» ይሉኛል። ራሳቸው ግን አንድም ቀን ሄደው አላዩትም።

አደጋው ከደረሰ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ስምንት አዳዲስ ረሾች በሣጥን መጡ። ያንኑ የመሳሰሉ፣ ተስበው የሚያጎርሱ ናቸው። ቅባት በጠጣ ወረቀት ተጠቅልለው ሲወጡ ቀለማቸው ያብረቀርቃል። የወረዳው ካድሬ አብሮ መጥቶ ነበር። ገና ወጣት ነው፤ አቋቋሙ ግን የትልቅ ሰው።

«ጓድ ይርዳው» አለ፤ እሱ ባሻ ብሎ አይጠራቸውም፣ ባሻ የፊውዳል ማዕረግ ነው። «አሮጌዎቹ ይወገዳሉ። እነዚህን ተረክበህ ጥራታቸው የተሟላ ነው ብለህ ትፈርማለህ።»

«እሺ ጓድ። ትንሽ ቀን ይስጡኝና ልያቸው።»

አራት ቀን ወሰዱ። ቡሬንና አንዱን አዲስ ጎን ለጎን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጓቸው። በሁለተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ጣትሽን ወዲህ አስገቢ» አሉኝ፣ የአዲሱን ገላ ውስጡን እያሳዩኝ። አስገባሁ። ሻካራ ነበር፤ የመቁረጫው ጥርስ የሄደበት መስመር ሁሉ እንደ እርሻ ትልም ይቆጠራል። «አሁን የቡሬን።» ለስላሳ ነበር፤ እንደ ዕንቁላል።

«ሁለቱም ውስጥ ናቸው። ማንም አያያቸውም» አሉ። «ያኛው ሠሪ ማንም አያየውም ብሎ አልተወውም። ይኸኛው ተወው።»

ከዚያ ማስጻፍ ጀመሩ። የአሮጌው ገላ ከድፍን ብረት ተፈልፍሎ የወጣ፣ የአዲሱ ከቀላል ብረት ቀልጦ የፈሰሰ። የአሮጌው ሰደፍ የቆየ ጠንካራ እንጨት፣ የአዲሱ ቀለም የተቀባ ነጭ እንጨት። ቀለሁን ከጉሮሮው ጎትታ የምታወጣዋ ትንሽ ጥፍር በአዲሶቹ ላይ ለስላሳ ናት፤ ሞረዱን ገና ሲያስነኳት ትፋቃለች። ከስምንቱ ሁለቱ በባዶ ቀለህ ሲሞከሩ ሳይተፉ ቀርተዋል። «ጅብ ፊት የማይተፋ ረሽ ከዱላ ያንሳል» አሉ።

ልነሣ ስል አስቀመጡኝ።

«አልጨረስኩም። ይኸንንም ጻፊ። የቦራ ዕቃ ለዳለቻ አይገጥምም። የእነዚህ ግን የአንዱ ለሌላው ይገጥማል፤ ይኸ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ቀላል ናቸው። አፋፍ ለአፋፍ ለሚውል ሰው ቅለት ምሕረት ነው። የሚመሰገነውም ይጻፍ እንጂ።»

ካድሬው ወረቀቱን ሲያነብ የሚመሰገነው ላይ አልደረሰም።

«የባላባቱ ጠመንጃ ከሕዝቡ ጠመንጃ ይሻላል ነው የምትለው?»

«ጓድ፣ እኔ ስለ ብረት ነው የጻፍኩ።»

«ብረትም መደብ አለው! እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። ወይ እስከዚያ ትፈርማለህ፣ ወይ ይህንኑ በሕዝቡ ፊት ቆመህ ትናገራታለህ። ውጤቱን ያኔ እናያለን።»

ይህን ብሎ ወጣ። እንዲህ ባለ ነገር ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

«ባሻ፣ በልጆችዎ... ይፈርሙና ይገላገሉ» አልኳቸው። ልጅ እንደሌላቸው እንኳ ረስቼ ነበር።

«አንድ ጊዜ ፈርሜ ተገላግዬ ነበር» አሉኝ። አልገባኝም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጆንያ ስቆጥር ከክፍላቸው ድምፅ ሰማሁ። ይስባሉ፣ ይገፋሉ። ይስባሉ፣ ይገፋሉ። ደግመው ደጋግመው። ገብቼ ሳይ ስምንቱም አዲሶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ባሻ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አይወድቅም» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው። «ምላጩን ተጭኜ ብገፋውም ጥይቱን የሚመታው መምቻ አይወድቅም። በስምንቱም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዘኑ፣ ስለ ተገኘ የጻፍሽልኝ ወረቀት ግልባጩ አለሽ?»

ከፋይሉ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ፣ ከሞረዱ ጋር ከተቱት።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የማኅበራቱ ሊቃነ መናብርት፣ ዘበኞች፣ የከተማው ሰው። ከስብሰባ መቅረት የማይቻልበት ጊዜ ስለነበር ተገኘም መጥቶ በሩ አጠገብ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ካድሬው ባሻን ሲጠራቸው ቡሬን በአንድ እጅ፣ አንዱን አዲስ በሌላው ይዘው ወጡ። ሁለቱም ባዶ መሆናቸውን ለሰዉ ከፍተው አሳዩ።

«ወገኖቼ» አሉ። «የትኛው ይበልጣል ተብዬ ተጠይቄያለሁ። በአሠራር የሆነ እንደሆነ አሮጌው ይበልጣል። ይኸን ልዋሽ አልችልም። የአዲሶቹ ጥፍር ለስላሳ ነው፤ ሳይታረም ለዘበኛ መስጠት ሰውን ለአውሬ መስጠት ነው።»

ካድሬው ሊነሣ ሲል እጃቸውን አነሡ።

«ልጨርስ ጓድ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ። አሁን ፀጥ ብላችሁ ስሙ።»

አዲሱን አነሡ። ምላጩን በጣታቸው ተጭነው፣ እንደተጫኑት ስበው ገፉት። የመሄድና የመመለስ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ቡሬን አነሡ። ምላጩን ተጭነው ስበው ገፉት። እንጨቱ ፊት እንደደረሰ «ቀጭ» የሚል ደረቅ ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ተሰማ።

«ሰማችሁ? መምቻው ነው። ጥይት ቢኖርበት ተኩሷል። ጣት ምላጩ ላይ ረስቶ የገፋ ሰው ሳያስበው ይተኩስበታል። አልተሰበረም፣ አልተበላሸም፤ ሲሠሩት ጀምሮ ጠባዩ ነው። የአሮጌዎቹ የአራቱም ጠባይ ይኸው ነው። እኔ አውቀው ነበር። ፍጥነት ነው እያልኩ እወድለት ነበር። ለዘበኞች አልነገርኩም፤ ብናገር አደገኛ ናቸው ብለው ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ።

«ተገኘ እግሩን አልመታም። ይኸ ጠመንጃ ነው የመታው። ምላጭ አልሳብኩም ያለው እውነቱን ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተት ሰው ጣቱን መቼ ያነሣል? ምንም የተሰበረ አልተገኘም ብዬ ፈረምኩ። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ፊርማው ግን ውሸት ነው። ፈሪው እሱ አይደለም። ፈሪው እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ተገኘ ከንፈሩን ነክሶ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ይላል ብለን ስንጠብቅ፣ ዱላውን አስተካክሎ ወጣ። እያነከሰ ሲሄድ የዱላው ድምፅ እስከ ውጪ ድረስ ይሰማን ነበር። ባሻ አንገታቸውን ደፍተው እዚያው ቆሙ።

ከአዳራሹ በቀጥታ ወሰዷቸው። የሐሰት ምስክርነትና የሕዝብን ንብረት ማጥላላት ተባለ። ሦስት ወር ደባርቅ ታሰሩ። የተገኘ ጉዳይ እንደገና ታይቶ ስሙ ነጻ ወጣ፤ የመጋዘናችን የቀን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ስለ ባሻ ግን ከአፉ አንዲት ቃል አትወጣም።

የሚገርመኝ ካድሬው ነው። በተያዙ በሦስተኛው ሳምንት ብቻውን መጋዘን መጣ። አዲሶቹን ረሾች አንድ በአንድ ሞከራቸው፤ ሦስቱ አልተፉም። ብዙ ቆየና፣ «ሽማግሌው ሊያስተካክላቸው ይችላል?» አለኝ። ጠይቄ መጣሁ። ባሻ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ፣ ሞረዳቸውንና ብረት አጥብቆ የሚይዝ አንድ ሞርሳ ብቻ ነበር የጠየቁት። እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ከባሌስትራው ስምንት ጥፍር ቀርጸው አወጡ። ከዚያ ወዲያ እኔ እስከማውቀው ድረስ ከስምንቱ አንዱም ቀለህ ይዞ አልቀረም።

ያኔ እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነው። ባሻ ደባርቅ ላይ ዘመድ አልነበራቸውም፤ እህታቸው ዳባት ናት። መጀመሪያ እኔ ላመላልስ አስቤ በሁለተኛው ቀን ምሳ ይዤ ስሄድ፣ ጠባቂው «ቀድመውሻል» አለኝ። በየቀኑ ከሥራ በፊት ተገኘ ሚስቱ የሠራችውን በአገልግል ይዞ ይሄዳል። አስቀምጦ፣ የትናንቱን ባዶ አገልግል አንሥቶ ይመለሳል። አይቀመጥም፤ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ባሻ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፤ እሱ እንዳልሰማ ይሄዳል።

አንድ ቀን መጋዘን በር ላይ ጠየቅሁት።

«ይቅር አልካቸው ማለት ነው?»

«የለም» አለኝ፣ ገመድ የሚገምድ እጁን ሳያቆም። «ስድስት ወር እኔም እዚያ ነበርኩ። ምግብ ያልመጣበትን ቀን አውቀዋለሁ። ይቅርታው ሌላ ነገር ነው፤ ሲመጣ ይመጣል።»

ባሻ የተፈቱት በጥር፣ ብርዱ ጠንክሮ ፀሐዩ ግን ጥሩ በነበረበት ቀን ነው። ከሥራ እንደተሰናበቱ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ወደ ዳባት እንደሚሄዱ ስለማውቅ ልሸኛቸው ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ተገኘ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሌላው እጁ ባዶ ነበር።

ባሻ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ወጡ። ከስተዋል። ተገኘን ሲያዩ ቆሙ። ዓይናቸው ወደ እጁ ሄደ፤ እሱም አየባቸው።

«ዛሬ አላመጣሁም» አላቸው። «ቤት ሄደን ነው የምንበላው።»

ተገኘ ካፖርታቸውን ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣለውና ፊት ፊት ሄደ። መንገዱ ኮረኮንች ነበር፤ ባሻ ተከትለው ደረሱበት። ያ ማንም የማይደርስበት እርምጃቸው አጥሮ፣ ዱላው ሲቆም እየቆሙ፣ ሲነሣ እየተነሡ፣ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ከተማው ዳር ወረዱ። ልሸኛቸው መምጣቴን ሁለቱም አላዩም። እኔም አልጠራኋቸውም።